የኒርቫና የመጀመሪያ አልበም «ኔቨርማይንድ» አይደለም

ወንድሜ፣ ትናንት ፒያሳ ቡና ስንጠጣ ስለ አሜሪካው የሮክ ባንድ ስለ ኒርቫና ተነስቶ «ኒርቫና የጀመረው በኔቨርማይንድ ነው» ስትል ሁሉም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እኔም ዝም አልኩ። ማታ ቆጨኝ። ብዙ ሰው የሚደግመው ስህተት ስለሆነ ላርመው።

የመጀመሪያ አልበማቸው «ብሊች» ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ሰብ ፖፕ የተባለ የሲያትል አሳታሚ አወጣው። «ኔቨርማይንድ» የመጣው በ1991 ነው። የባንዱ ስም ከፍ ያለው በእሱ ስለሆነ ሰው የፊቱን ረሳው።

ድራመሩን ልብ በል። ዴቭ ግሮል «ብሊች» ላይ የለም፤ ባንዱን የተቀላቀለው በ1990 ነው። አብዛኛውን የመታው ቻድ ቻኒንግ ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን ወጪው ነው። ቀረጻው የፈጀው 606 ዶላር ከ17 ሳንቲም ብቻ! የከፈለው ጄሰን ኤቨርማን ነው። አልበሙ ላይ ጊታሪስት ተብሎ ስሙ ተጽፏል፤ ቀረጻው ላይ ግን አልተጫወተም። ባንዱ ስሙን ያሰፈረው ለምስጋና ነው። ደስ የሚል ነገር ነው።

እኛ የጎንደር ልጆች፣ አዝማሪ ሲጫወት እየሰማን ያደግን፣ ማን ምን እንደተጫወተ መጠየቅ ያምርብናል። አልበሙ ስልኬ ላይ አለ። «አባውት ኤ ገርል»ን አስቀድመህ ስማ። የኋላው ለስላሳ ዜማቸው እዚያው ላይ ጀምሯል።