የአጎት ልጅም ገበሬ ነው

«ፈረንጅ ዘመድ አያውቅም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የአሜሪካን የ2018 የእርሻ ሕግ አሳዩት። ለሥጋ ዘመድ እንዲህ የሚሟሟት ሕግ እኛም አገር አልተጻፈም። ቀድሞ ለእርሻ ድጎማ «ቤተሰብ» የሚባሉት አያት፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ወንድምና እህት፣ የትዳር ጓደኛ ነበሩ። በ2018 ኮንግረሱ አንጀቱ አላስችል ብሎት የወንድምና የእህት ልጆችን፣ የአጎትና የአክስት ልጆችንም ጨመረ።

ፍቅሩ በዶላር ይቆጠራል። የሰብል ዋጋ ሲወርድ መንግሥት የሚከፍለው ድጎማ ለአንድ ሰው በዓመት ከ125,000 ዶላር እንዳይበልጥ ተገድቦ ነበር፤ በጁላይ 2025 የጸደቀው የበጀት ሕግ 155,000 አደረሰው። ታዲያ ገደቡ የሰው እንጂ የእርሻ አይደለም። ሽርክና ካቋቋማችሁ በአባላቱ ቁጥር ይባዛል። ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆች፣ አንድ የእህት ልጅ፣ አንድ የአጎት ልጅ፦ ስድስት ራስ፣ 930,000 ዶላር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት አባቶቻችን ይህን ሳያዩ ማለፋቸው ያስቆጫል። (ለውዝ ደግሞ ከሌላው ሰብል ተለይቶ የራሱ ገደብ አለው። ለውዝ ምን ውለታ እንደዋለላቸው እንጃ።) ስድስት ሆነው ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ ያቋቋሙ የዋሆች ድሮ አንዱን ገደብ ለስድስት ይካፈሉ ነበር፤ የ2025ቱ ሕግ እነሱንም ራስ ቆጥሮ ክሷቸዋል።

አሠራሩ አያስቸግርም። ካውንቲው ውስጥ ወዳለው የእርሻ አገልግሎት ቢሮ ሄዳችሁ ሲሲሲ-902 የሚባለውን ቅጽ ትሞላላችሁ። ባዕድ ሸሪክ መሬት፣ ገንዘብ ወይም መሣሪያ ማዋጣት አለበት፤ በዚያ ላይ ጉልበት ወይም «አመራር» ይጨምራል። ለአካለ መጠን የደረሰ ዘመድ ግን የመጀመሪያው ቀርቶለታል፤ ጉልበት ወይም አመራር ይበቃዋል። አደራ፣ ጉልበት የሚለውን እንዳትመርጡ! ጉልበት ትራክተር ላይ ያወጣል፤ በዓመት 1,000 ሰዓት ወይም ለድርሻው ከሚያስፈልገው ሥራ ግማሹ ይጠየቃል። አመራር ነው ያለው። ከተማ የተቀመጠው የአጎት ልጅ «በቆሎውን እንሽጠው ወይስ ዋጋ እስኪጨምር እንቆይ?» ተብሎ ሲደወልለት «እንቆይ» ካለ፣ መራ። የማይዛመዱ ሸሪኮች ከአንድ በላይ መሪ ሲያስመዘግቡ የ2015ቱ ደንብ መዝገብ ያስይዛቸዋል፦ በዓመት 500 ሰዓት ወይም ከጠቅላላው አመራር ሩቡን መሥራታቸውን ይጽፋሉ። ዘመዳሞችን አይመለከትም። ዘመድን በሰዓት የሚለካ ምን ዓይነት ጨካኝ ነው?

እንቅፋት ከተባለ ገቢ ነው። የሦስት ዓመት አማካይ ገቢው ከ900,000 ዶላር የሚያልፍ አባል ድርሻው ይቆረጣል። ሽርክናው ውስጥ እንዲህ ያለ ምስኪን ካለ ቀድማችሁ በሌላ ዘመድ ተኩት።

በዚያው የእርሻ ሕግ ውስጥ ፉድ ስታምፕ የሚባለው የድሆች የምግብ ድጎማም አለ። ልጅ የማያሳድግ ጤነኛ ጎልማሳ በወር 80 ሰዓት መሥራቱን በወረቀት ካላሳየ በሦስት ዓመት ውስጥ የሚሰጠው የሦስት ወር ብቻ ነው። ምነው እሱም በስልክ «እንቆይ» ማለትን በተማረ።

ግልጽነት የለም እንዳትሉ። ኢንቫይሮመንታል ወርኪንግ ግሩፕ የተባለው ድርጅት ከ1995 ጀምሮ የተከፈለውን በየስሙና በየካውንቲው ደርድሮ ኢንተርኔት ላይ ዘርግቶታል። ማን ስንት ወሰደ? ይኸው። የትኛው ማሳ ላይ፣ እንዴት አርሶ? እሱን የ2008ቱ የእርሻ ሕግ አንቀጽ 1619 ጋቢ አልብሶታል። ጨዋነቱ የሚያምረው ግን በሰብል ኢንሹራንስ ነው። ከአረቦኑ በአማካይ ከ60 በመቶ በላይ የሚከፍለው መንግሥት ነው፤ በነፍስ ወከፍ የገንዘብ ጣሪያ የለውም፤ የገቢ ጣሪያም የለውም፤ የገበሬው ስም በሕግ ምስጢር ነው። እዚያ የአጎት ልጅ እንኳ አያስፈልግም።