ገንፎውን በልተን ወጣን፤ አራሷስ?

ወገኖቼ፣ አራስ መጠየቅ እናውቅበታለን። እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ እንላለን። ገንፎው በቅቤ ይመጣል። ሕፃኑ ማንን እንደመሰለ እንከራከራለን። ከዚያ ጫማችንን አድርገን እንወጣለን። ደግ ልማድ ነው፤ አላጣጥለውም። ግን በዚያች አንድ ሰዓት በአንደበታችን የምናበላሸው ነገር አለ። ከወጣን በኋላ ደግሞ ሳንመለስ ቀርተን የምናጎድለው አለ። ዛሬ ስለ ሁለቱም እወቅሳችኋለሁ። ቅር የሚለው ሰው ቢኖርም እናገራለሁ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ነው እንበል። መሽቷል። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ጡት ይሰጡታል፣ ይጠባል፣ መልሶ ያለቅሳል። አንዷ ጎረቤት፣ «ኧረ ይሄ ልጅ ርቦት ነው!» ትላለች። ሌላዋ ቀበል አድርጋ፣ «ጡቷ እኮ ገና ምንም የለውም፣ ከየት ይምጣ?» ትላለች። ሦስተኛዋ የእህቷን ልጅ ታሪክ ታመጣለች። እናትየዋ ዝም ብላለች። ስፌቷ ያማታል፣ እንቅልፍ አልተኛችም፣ የጡቷ ጫፍ ተሰንጥቋል። ባልየው ኪሱን ይዳብሳል። ወንድሟ ሱቅ ይላካል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የቆርቆሮ ወተትና ጡጦ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ይላሉ።

ከነዚያ እንግዶች አንዷም ክፉ አላሰበችም። ነገር ግን ተባብረው አንዲትን እናት «አንቺ አትበቂም» ብለው አሳምነዋታል።

እስቲ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንነጋገር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ቢጫ፣ ወፈር ያለ ወተት እንገር ነው። ጥቂት ነው፤ ጥቂትም መሆን አለበት፤ የሕፃኑ ሆድም ገና ትንሽ ናት። ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል ነገር የተሸከመው እሱ ነው። «ቆሻሻ ነው፣ ታልቦ ይደፋ» የምትሉ እናቶቼ፣ ይቅር በሉኝና፣ የምታስደፉት የልጁን የመጀመሪያ ክትባት ነው። ዋናው ወተት የሚመጣው ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጡት በተጠባ ቁጥር ያመነጫል፤ ካልተጠባ ይቀንሳል። ሕፃኑ ጡጦ ጠግቦ አራት ሰዓት ከተኛ፣ ጡቱ ያን ያህል ሰዓት ሳይጠባ ይቆያል። ያግታል፣ ይጠጥራል፣ ያማል። ነገ ወተቱ ያንሳል። ያኔ እነዚያው እንግዶች፣ «አላልኩሽም? ወተት የላትም አላልኩም?» ይላሉ።

ማታ ማታ ደጋግሞ መጥባትና መነጫነጭ የጨቅላ ጠባይ ነው። በቀንና በሌሊት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት ጤነኛ ነገር ነው። ወተት መብቃት አለመብቃቱን ማወቅ የሚፈልግ ሰው የሽንት ጨርቁን ይቁጠር። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ካረጠበ፣ ክብደቱም ከጨመረ በቅቶታል። ልጁ ከፈዘዘ፣ ለመጥባት ካልነቃ፣ ሽንቱ ካነሰ ወይም ካተኮሰው ግን ወሬውን ትታችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ቅቤ ማዋጥም አለ። የስኳር ውሃ፣ የአብሽ ውሃ፣ «ለሆድ ቁርጠቱ» የሚባለው ሁሉ አለ። እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት ወተት ሌላ አንድም ነገር አያስፈልገውም። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ሲቀር ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። የእናት ወተት አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነውና አፋር በረሃ ውስጥ ያለ ሕፃን እንኳ በእሱ ብቻ ጥሙን ይቆርጣል። ከ6 ወር በኋላ ምግብ ይጨመርለታል፤ ጡቱ ደግሞ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ይህን የዓለም ጤና ድርጅት ብቻ አይደለም የሚለው፤ ሰፈራችን ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም በየበሩ እየዞረች ስትናገረው ኖራለች። እኛ ነን «እሷ ገና ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች» እያልን ቡና አጠጥተን የምንሸኛት።

በ2008 ዓ.ም. የተደረገውን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ አስቡ። በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት የጀመሩት ሕፃናት ከመቶ 73 ነበሩ። ጥሩ ነው። ሁለት ወር ካልሞላቸው ሕፃናት መካከል ጡት ብቻ የሚጠቡት ከመቶ 74 ነበሩ። አራትና አምስት ወር የሆናቸው ዘንድ ሲደረስ ግን ቁጥሩ 36 ሆነ። ወገኖቼ፣ እናቶቻችን ማጥባት እንቢ ብለው ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ወር እንቢ ይሉ ነበር። ጀምረዋል፤ በደንብ ጀምረዋል። መሐል ላይ ብቻቸውን ቀሩ። እንግዳው ጠፋ፣ እናቷ ወደ አገሯ ተመለሰች፣ ፈቃዱ አለቀ። የተለወጠው ይኸው ነው።

ስለ ሕመሙም ማንም በደንብ አይነግራትም። «ሁሉም ያማል፣ ቻይው» ይሏታል። አይደለም። በጣም የሚያቆስል ከሆነ ብዙ ጊዜ ችግሩ አያያዙ ላይ ነው። ልጁ ጫፏን ብቻ ሲነክስ ይቆስላል፤ ወተቱም በደንብ አይወጣም። ሲያዝ አፉ በደንብ መከፈት አለበት። የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ የተገለበጠ፣ አገጩ ጡቷን የነካ መሆን አለበት። ጫፉ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ክፍል ሰፋ አድርጎ መጉረስ አለበት። እሷ ወደ ልጁ መጎንበስ የለባትም፤ ልጁ ነው ወደ እሷ የሚመጣው። ከጀርባዋ ትራስ፣ ከክንዷ ሥር የተጣጠፈ ጋቢ ያስፈልጋታል። አያያዙ ካላማራት ትንሿን ጣቷን በአፉ ጠርዝ አስገብታ ታላቅቀውና እንደገና ትሞክራለች። ይህን በወሬ ማስተማር ይከብዳል። አጠገቧ ቁጭ ብሎ የሚያሳያት ሰው ያስፈልጋል፤ ቢሆንላት በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ። አራት ልጅ አጥብታችሁ ያሳደጋችሁ እናቶች በየግቢው ሞልታችኋል። ለወሬ ከምትቀመጡ እጃችሁን አውሱ።

ጡቷ ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ካላት ወደ ሐኪም ትሂድ፤ ማጥባቱን ግን አታቁም። ማቆሙ ነው የሚያባብሰው።

አዋላጆችና ነርሶች፣ እናንተንም አላልፍም። ወረፋው እንደሚያጨናንቃችሁ፣ ክፍሉ እንደሚጠብባችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም «አጥቢው» ብሎ ማለፍ ማስተማር አይደለም። ከመውጣቷ በፊት አንድ ጊዜ ስታጠባ እዩዋት። አምስት ደቂቃ ናት። በኦፕራሲዮን የወለደችዋን ደግሞ ከሁሉ በላይ እዩዋት፤ እሷ ተነስታ መቀመጥ አትችልም፣ ልጁን የሚያቀብላት ይጠፋል፣ እናም መጀመሪያ ጡጦ የሚገባው እሷ ጋ ነው።

ባሎች፣ «እኔ ጡት የለኝም፣ ምን ላድርግ» አትበሉ። ሌሊት ልጁን አንሥታችሁ አቀብሏት። ታጥባችሁ ቀይሩት። ውሃ ከጎኗ አኑሩ፤ የምታጠባ ሴት በጥም ትቃጠላለች። ከወትሮዋ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ተጨማሪ መብላት አለባት፤ አጥሚቱም፣ ሽሮውም፣ እንቁላሉም ለእሷ ይቅደም። እናታችሁ «ወተት የላትም» ስትል መልሱን ሚስታችሁ ላይ አትጣሉ፤ ልጇ እናንተ ናችሁ፣ በአክብሮት እናንተ መልሱ። የሃይማኖት አባቶችም የምታጠባ እናት በጾም ራሷን ስትጎዳ እያያችሁ ዝም አትበሉ፤ የእናንተን ቃል ከማንም በላይ ትሰማለች።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤቱ እንሂድ፤ እዚህ ላይ እቆያለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። በሳምንት ስድስት ቀን ለምትሠራ ሴት 90 ቀን ሦስት ወር ተኩል ግድም ነው። ጡት ብቻ የሚባለው 6 ወር ነው። መሐል የቀረውን ሁለት ወር ተኩል ማን ይሙላው? ሕጉ አልሞላውም። የሚሞላው አለቃዋ ነው፣ የሥራ ባልደረባዋ ነው።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ስብሰባ ላይ ወተት ሸሚዟን አርሶት ደረቷን በፋይል ሸፍና ስትቀመጥ እያየን እንዳላየ እንሆናለን። ለአስራ አምስት ደቂቃ ስትወጣ ሰዓት እናያለን። «ወልዳ ከመጣች ወዲህ ሥራ የላትም» ብለን እናማለን። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበትና ልጆቻቸውን የሚያቆዩበት ስፍራ እንዲያዘጋጁ አዞ ነበር። በአንዳንዱ ቢሮ ተዘጋጅቷል፤ በብዙው ያ ክፍል የአሮጌ ወንበርና የማህደር ማከማቻ ነው። እናንተ ኃላፊዎች፣ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። የሚቆለፍ በር፣ አንድ ወንበር፣ እጅ መታጠቢያ፣ ንጹሕ ፍሪጅ። ታልቦ በንጹሕ ክዳን ያለው ዕቃ የተቀመጠ ወተት በክፍል ሙቀት 4 ሰዓት ድረስ፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ድረስ ይቆያል። ሞግዚቷም በጡጦ ሳይሆን በትንሽ ንጹሕ ሲኒ ልታጠጣው ትችላለች፤ ሲኒ ለማጠብ ከጡጦ ይቀላል።

ቤታችን የምትሠራው ልጅስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። ያረገዘች የቤት ሠራተኛ ሆዷ ሲታይ የምትሰናበትበት ቤት ስንት ነው? የራሳችንን ልጅ ስታዝልልን የኖረች ሴት የራሷን ልጅ ለማጥባት ቦታ ታጣለች። ሕግ ባያስገድዳችሁም በእግዚአብሔር ፊት ትጠየቁበታላችሁ። የሦስት ወር ደሞዟን ክፈሏት። ስትመለስ ከነልጇ ተቀበሏት።

የቆርቆሮ ወተት ነገር ደግሞ በግልጽ ይነገር። እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ወተት ተተኪ ምርቶች ለሕዝብ እንዳይተዋወቁና ለእናቶች በነጻ ናሙና እንዳይታደሉ ደንብ አጽድቋል። ያን ደንብ ያስወጣው የሕፃናት ሞት ነው። ንጹሕ ያልሆነ፣ ያልፈላ ውሃ፣ በደንብ ያልታጠበ ጡጦ፣ ተቅማጥ። አንድ 400 ግራም ቆርቆሮ ሦስት ሊትር ገደማ ይወጣዋል። የአንድና የሁለት ወር ልጅ በእሱ ብቻ የሚኖር ከሆነ ከአራት አምስት ቀን አያልፍም። ከዚያ ሌላ ይገዛል፣ ከዚያ ሌላ። ዋጋው ሲከብድ ማንኪያው ይቀንሳል፣ ውሃው ይበዛል። ልጁ ሆዱ በውሃ ይሞላል፣ ሰውነቱ ግን ይከሳል። በውጭ ያላችሁ ወገኖቼ፣ አራስ ስትጠይቁ ሻንጣ ውስጥ ይህን ቆርቆሮ ጠቅጥቃችሁ አትምጡ። የምትገዙበትን ብር ላኩላት፤ አጋዥ ትቅጠርበት። እዚያው አሜሪካ የወለዳችሁ ደግሞ እናት አጠገባችሁ የለችም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ዊክ (WIC) የሚባለው የመንግሥት ፕሮግራም ለሚመለከታቸው እናቶች የማጥባት አማካሪ ይመድባል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህም አብዛኛው አሠሪ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ማለቢያ ጊዜና ሽንት ቤት ያልሆነ የተከለለ ቦታ የመስጠት ግዴታ አለበት። ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ማጥባት የማትችል እናት አለች። ከማጥባት ጋር የማይሄድ መድኃኒት የምትወስድ፣ ታማ የተኛች፣ ሞክራ ሞክራ ያልሆነላት። ሐኪም ያዘዘላት ወተት የልጇ ሕይወት ነው። ጡጦ ባያችሁ ቁጥር «ለምን አታጠቢም?» ብላችሁ አታሸማቅቋት። ይህን የጻፍኩት ዱላ አድርጋችሁ እንድትመቷት አይደለም። ሚኒባስ ውስጥ ነጠላዋን ጣል አድርጋ የምታጠባዋንም አትመልከቷት፤ እናቶቻችን በገበያውም በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርም አጥብተው ነው ያሳደጉን። አዲሱን ኀፍረት ከየት አመጣነው?

ዕድራችንን ተመልከቱ። ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ተነፍቶ ሳይጨርስ ድንኳኑ ይተከላል፤ ማን ውሃ እንደሚቀዳ፣ ማን እንደሚጋግር ይታወቃል። የቀረ ይቀጣል። ሰው ሲወለድስ ማን ተቀጣ? ይህን የሚያህል የተደራጀ ጉልበት ይዘን አራሷን ለአንዲት ደካማ እናቷ ትተናታል። በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አስይዙ። ከወለደች እስከ ስድስት ወር ድረስ በሳምንት ሁለት ቀን ልብስ የሚያጥብላት፣ ትልቁን ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመጣላት፣ ለክትባት ጤና ጣቢያ የሚሸኛት ሰው በስም ይመደብ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትጠራና ከሰፈሩ ሁለት ወይም ሦስት ያሳደጉ እናቶችን አያያዙንና ማለቡን በደንብ ታሳያቸው፤ አራሷ ሌሊት ስትቸገር የምትደውለው ለእነሱ ይሁን። ገንዘቡ ካለው መዋጮ ላይ ይወጣል፤ ብዙም አይፈጅም። ስብሰባው ከመድረሱ በፊት ግን በየመንደራችሁ ያሉትን ነፍሰ ጡሮች ቁጠሩ፤ የመጀመሪያዋ መቼ እንደምትወልድ ጠይቁና መዝግቡ።