«ማዘር፣ ኢንሄል ያድርጉት»

ኧረ ጎበዝ፣ ዛሬስ ሆዴ ውስጥ የቆየውን ላውጣው። ጅማ ውስጥ በየፋርማሲው መስኮት የምትቆሙ ባለሙያዎች፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ የአስም መርጫ ስትሰጡ «ማዘር፣ ኢንሄል ያድርጉት»፣ ማለትም ወደ ውስጥ ይሳቡት፣ የምትሉት ለማን ነው? ከፊታችሁ የቆመችው ሴት ዕድሜዋን በሙሉ ቡና ስትለቅም የኖረች ናት። አማርኛና ኦሮምኛ ቀላቅላ የምታወራ፣ ገበያ ወርዳ በሁለቱም ተከራክራ የምትገዛ የጅማ ሴት ናት። እንግሊዝኛ ግን የላትም። «እሺ ልጄ» ስትላችሁ ገባት ብላችሁ ቀጣዩን ሰው ትጠራላችሁ። እናቶቻችን የተማረ ሰው ፊት ያልገባቸውንም «እሺ» እንደሚሉ ጠፍቷችሁ ነው?

የማወራው ስለ አክስቴ ነው። አስም አለባት። የጥሬ ቡና ብናኝ መተንፈሻን እንደሚያስቆጣ የታወቀ ነው፤ እሷ ደግሞ ወጣትነቷን የጨረሰችው መጋዘን ውስጥ ከጆንያ በሚነሳ አቧራ መሀል ነው። በዚያ ላይ የጅማ ክረምት አለ። ማገዶው እርጥብ፣ ቤቱ ዝግ፣ ጭሱ መውጫ የለው። ባለፈው ደረቷን ጥርቅም አድርጎ ሲይዛት ሐኪም ያችን ሰማያዊ የምትረጭ ነገር አዘዘላት፤ ሳልቡታሞል። ፋርማሲው ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ «2 ፓፍ፣ ፒ አር ኤን» ብሎ ጻፈላት። ፒ አር ኤን! ይቺ ደግሞ እንግሊዝኛም አይደለችም፣ ላቲን ናት፤ «ሲያስፈልግ» ለማለት ነው። «ሲያፍንሽ» ብሎ መጻፍ ስንት ቀለም ይጨርሳል?

እቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ማታ ደረቷ ማፏጨት ሲጀምር ክዳኑን አነሳች፣ አፏ ውስጥ ከተተችው፣ ጉንጮቿን ወጠረችና ነፋችበት። እየነፋች ጫነችው። ነጩ ጉም በከንፈሯ ዳርና በዕቃው ጀርባ ሽቅብ ወጥቶ መነጽሯ ላይ አረፈ። ምላሷን አጣጥማ «ይመራል» አለችና ደግማ ነፋች። «ለምን ትነፊዋለሽ?» ብላት «ንፊው ብሎኛላ!» አለችኝ። የፋርማሲው ልጅም አልዋሸም። «ኢንሄል» ያላት አልገባ ብሏት ስትጠይቀው «ያው ይነፉታል» ነው ያላት። በየሰፈሩም ስሙ «የሚነፋው» ነው። ፈረንጆቹስ ያወጡለት ስም ምንድን ነው? ፓፍ! እፍ ማለት እኮ ነው። እንግዲህ ካርቶኑ ላይ «ሁለት እፍ» ተብሎ ተጽፎላት ብትነፋ ማን ይፈርድባታል?

ነገሩ የሚያበግነኝ የመድኃኒቱ ዋጋ ያለው እዚያች ግስ ላይ መሆኑ ነው። ኪኒን ቢሆን በውኃም ዋጠችው በሻይ፣ ሆዷ መግባቱ አይቀርም። ይህ ግን ጫን ስታደርገው ትንፋሿ ወደ ውስጥ ካልሄደ አየር ላይ ይቀራል። በትክክል የወሰደው ሰው እንኳ አብዛኛው መድኃኒት አፉና ጉሮሮው ላይ ነው የሚቀርበት፤ ሳንባ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ብዙውን ጊዜ አንዱ ዕቃ 200 ጊዜ የሚረጭ ነው፤ አንዷ እርጭት 100 ማይክሮግራም። እነዚያን ሁሉ አየር ላይ ነፍታ ጨርሳ «አልሻለኝም» ብትል፣ ሐኪሙ የሚያስበው መድኃኒቱ እንዳልሠራላት ነው፤ ሌላ ጠንከር ያለ ያዝላታል። እሱንም ትነፋዋለች!

«ተንፍሺ ብንላትስ?» የምትሉ አትጠፉም። የእኛ «መተንፈስ» እኮ ወደ መውጫው ያደላል። ጎማው ተነፈሰ ስንል አየሩ ወጣ ነው። «ትንፍሽ እንዳትል» ስንል ከአፍህ እንዳታወጣ ነው። እንግሊዝኛቸውም ብቻውን አቅጣጫ የለውም፤ «ብሪዝ» ብለው ዝም አይሉም፣ «ኢን» (ወደ ውስጥ) እና «አውት» (ወደ ውጭ) ብለው ይቀጥሉበታል። ወይም ደግሞ «ኢንሄል» እና «ኤክስሄል» ብለው ለሁለት ይከፍሉታል። በሁለት ፊደል የምትጻፈው «ኢን» ናት አክስቴን ሌሊቱን የምታስተኛት። እናንተ ደግሞ እሷኑ ዘላችሁ ትሰጧታላችሁ።

ወረቀቱስ አለ አይደል? አለ። ካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፎ ተጣጥፎ የገባው ስስ ወረቀት ሲዘረጋ ጠረጴዛውን ይሸፍናል፣ ጽሑፉ ግን በአጉሊ መነጽር ካልሆነ አይታይም። አማርኛ የለውም። ኦሮምኛ የለውም። የአክስቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ናት፤ «እስቲ አንብቢልን» አልናት። ይቺ ልጅ የባዮሎጂ ደብተሯን ብትጠይቋት «ዲያፍራም ኮንትራክትስ ኤንድ ፍላተንስ» ብላ ሳትተነፍስ ትወርድላችኋለች። ኢንስፓይሬሽን፣ ኤክስፓይሬሽን፣ የጎድን አጥንቱ ወዴት እንደሚሄድ ሁሉ። ወረቀቱን ስትይዝ ግን «ብሪዝ አውት» የሚለውንም «ተንፍሺ» አለች፣ «ብሪዝ ኢን» የሚለውንም «ተንፍሺ» አለች፣ «ሆልድ ዩር ብሬዝ» (ትንፋሽሽን ያዢ) ላይ ስትደርስ «ተንፍሺና ያዢው» አለች። እናቷ ዕቃውን ጭብጥ አድርጋ ያዘችው! ልጅቷ ላይ አልፈርድም። የእንግሊዝኛው ቃል መጨረሻው ላይ አንዲት «ኢ» ፊደል ስትጨመር «ብሪዝ» የሚል ግስ፣ ስትወድቅ «ብሬዝ» የሚል ስም መሆኑን አስተምረዋት ይሆናል፤ ድምፁም ይለያል። ግን ፈተና ላይ ባዶ ቦታ ሙዪ ተብላ እንጂ ሰው አክሚበት ተብላ አልተማረችውም።

በነገራችን ላይ ካርቶኑ ግርጌ ላይ ሌላ የትንፋሽ ግስ አለች፣ እሷን ግን ሁላችንም እናውቃታለን። «ኤክስፓየር» አድርጓል አላደረገም እያልን ብስኩት ሳይቀር እያገላበጥን የምናየው። ከላቲን ሲመጣ መጀመሪያ ትርጉሙ «ትንፋሽን ወደ ውጭ ማውጣት» ነበር፤ ቀጥሎ «የመጨረሻዋን አውጥቶ መሞት» ሆነ፣ ከዚያ ውልና መድኃኒት ጊዜው ማለፉ። የልጅቷ ደብተር ላይ ያለው «ኤክስፓይሬሽን» ያው የመጀመሪያው ነው። ሱቅ ስንገባ የምንጠቀምበትን ግስ ማንም ሳያስተምረን አወቅነው፣ ሰው የሚያድነውን ግን እስካሁን በ«ንፊው» እየተረጎምነው ነው።

ይህ ዕቃ ራሱ እንዴት እንደመጣ የሚገርም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1955 አሜሪካ ውስጥ የአንድ መድኃኒት ኩባንያ ኃላፊ አስም ያለባት ልጅ «መድኃኒቴ ለምን እንደ ፀጉር ስፕሬይ አይረጭም?» ብላ አባቷን ጠየቀችው ይባላል። በዓመቱ፣ 1956 ላይ፣ ዕቃው ለገበያ ወጣ። ከዚያ በፊት የነበረው የመስታወት መንፊያ የሚሰበርና የሚያስቸግር ነበር። እና አንዲት ልጅ በተራ ቋንቋ ጠይቃ የተሠራን ነገር እኛ ጅማ ላይ በላቲን ነው የምናድለው።

ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ቢሆን ምን ነበረበት! ሰማያዊዋ የምትሳበው ቀስ ተብሎ፣ ረዘም ተደርጎ ነው። ዱቄት ያለባቸው ሌሎቹ ግን በኃይል፣ በአንድ ጊዜ ጭልጥ ተደርገው ነው የሚሳቡት፤ ቀስ ካልሽ ዱቄቱ አይነሳም። ሁለቱም ላይ የሚባለው «ኢንሄል» ነው። በየቀኑ የሚወሰደው ስቴሮይድ ያለበት ደግሞ አፍን ተጉመጥምጦ መትፋት አለው፣ ያለበለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ይወጣል። ይህንን የነገራት ሰው ያላት እናት ካለች እጇን ታውጣ።

አውቃለሁ፣ ሰልፍ አለባችሁ። ከኋላ የቆመው ሰውዬ ባጃጅ አቁሞ እየጮኸ ነው፣ ደመወዛችሁም የሚወራለት አይደለም። እዚህ ላይ አልከራከርም። ግን ብር ለመቁጠር የሚበቃችሁ ደቂቃ ለአንድ ማሳያ እንዴት ያጥራል? ባዶ ዕቃ መስኮቱ ላይ አስቀምጣችሁ «እንዲህ» ብላችሁ አፋችሁ ላይ ብታደርጉት፣ ከዚያ «እስቲ አሁን አንቺ አሳዪኝ» ብትሉ አለቀ እኮ። ቋንቋም አያስፈልገውም። እጅና ደረት ለሁሉም ይገባዋል።

አክስቴ በመጨረሻ የተረዳችው አንዲት ነርስ ጎረቤት በተናገረችበት አማርኛ ነው፣ እንዳለ ላስቀምጠው። ክዳኑን አንሺ። በደንብ ነቅንቂው። አዲስ ከሆነ ወይም ብዙ ቀን ከተቀመጠ መጀመሪያ ወደ አየር ርጪው። አሁን ደረትሽ ውስጥ ያለውን አየር ቀስ ብለሽ አውጪ፣ ዕቃው ውስጥ ግን አይደለም። ከንፈርሽን ግጥም አድርገሽበት ወደ ውስጥ መሳብ ጀምሪ፣ ሾርባ እንደሚማግ ሰው፣ መሳብ እንደጀመርሽ ጫኚው፣ መሳብሽን አታቁሚ። ዕቃውን ከአፍሽ አውጪና አፍሽን ዘግተሽ እስከ አሥር ቁጠሪ፤ ካልቻልሽ የቻልሽውን ያህል። ከዚያ አውጪው። ሁለተኛውን ከመድገምሽ በፊት ግማሽ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ቆዪ። እጅና ትንፋሽ አልገጥም ላላቸው፣ ለሕፃናትም፣ በዕቃውና በአፍ መሀል የሚገባ «ስፔሰር» የሚሉት አለ። እሱ ካልተገኘ ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን በስቶ ማገጣጠም ይቻላል፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሕፃናት ላይ ተሞክሮ ሠርቷል፣ ጥናቱም በ1999 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ቀዳዳው ግን ልክ መሆን አለበትና የሚያውቅ ሰው ይሥራላችሁ።

«ኢንሄል» የምትል ቃል አንድም ቦታ አልገባችም። አክስቴ በመጀመሪያው ሙከራ ጉሙ ከአፏ አልወጣም። «አሁን ገና ወደ ሆዴ ገባ» አለች። ሆድ አይደለም ሳንባ ነው ብዬ ልከራከራት ነበር፣ ተውኩት።

እና የሕክምና ተማሪዎች፣ ይህች ከተማ በእናንተ ተሞልታ የለም እንዴ? ነጭ ጋዋን ለብሳችሁ ከፈረንጅ አራዳ እስከ አጂፕ ትመላለሳላችሁ። ያንን ወረቀት ግማሽ ገጽ አድርጎ ባገሩ ቋንቋ ለመጻፍ የማን ፈቃድ ነው የሚጠበቀው? አማርኛውን እኔ ከላይ ያለውን አሳጥሬ ጽፌዋለሁ። ኦሮምኛውንም ሞክሬያለሁ፤ «አፉራ» (ትንፋሽ) ማስገባትና ማውጣት የሚለው ቦታ ላይ ግን ገጠር ላለች እናት በማያሻማ መንገድ የሚጽፍልኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ የመጽሐፍ ኦሮምኛ ሳይሆን የጅማ ዙሪያውን። ፋርማሲስት ከሆናችሁ ደግሞ መድኃኒቱን በተመለከተ የተሳሳትኩት ካለ አርሙት። በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ኮፒ ማድረጊያውን እኔ እችላለሁ፣ በየመስኮታችሁ ለመለጠፍ ብቻ እንዳትከለክሉኝ።