ለዝሆኔ ሕመምተኛ «ጫማ አድርግ» ብሎ ማለፍ አይበቃም

እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት አለ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 የዝሆኔ ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ወዲያው የእግር አጠባና እንክብካቤ ተማረ፤ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማም አገኘ። ሌላው ወገን ይኸው አገልግሎት ከዓመት በኋላ እንዲደርሰው ተደረገ። ዓመቱ ሲያልቅ፣ ወረፋ ሲጠብቅ የቆየው ሰው በአማካይ 23.9 ጊዜ ሕመሙ ተነስቶበት ነበር። የታከመውስ? 19.4 ጊዜ።

ጥናቱ ተመስግኗል፤ ይገባዋልም። ሳሙናና ውሃ ከአምስት ስቃይ አንዱን ካስቀሩ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔ ግን ከዚያች ሁለተኛ ቁጥር ማለፍ አቃተኝ። የታዘዘውን ሁሉ ያደረገ፣ የታጠበ፣ የተቀባ፣ ጫማውን ያጠለቀ ሰው አሁንም በየ19 ቀኑ ገደማ ትኩሳትና ብርድ ብርድ እያለው፣ እግሩ እንደ እሳት እየነደደ ይተኛል ማለት ነው። ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገበሬ ነው። የእርሻ ወቅት ላይ መተኛት ምን እንደሚያስከትል ማብራራት አይጠበቅብኝም። ወላይታ ላይ የተሠራ የቆየ ጥናት ሕመምተኞች ከሥራ ቀናቸው 45 በመቶውን እንደሚያጡ አስልቶ ነበር።

እዚህ የምናገረው ትንኝ ስለሚያስተላልፈው፣ በትል ስለሚመጣው ዝሆኔ ሳይሆን ፖዶኮኒዮሲስ ስለሚባለው ነው። በደጋው፣ ዝናብ በሚበዛበት፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ባለበት አገር በባዶ እግር የኖረ ሰው የሚይዘው በሽታ ነው። ተላላፊ አይደለም፤ ትልም ጀርምም የለውም። ብሪታንያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ እዚሁ አገራችን ውስጥ ሲመረምር ደቃቅ የአፈር ማዕድናት በሕመምተኞቹ ንፍፊት ውስጥ ተከማችተው አገኘ። ማዕድኑ በቆዳ አልፎ ይገባል፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ይውጡታል፣ ከዚያ በሚነሳው ብግነት ከእግር ፈሳሽ የሚያስወግዱት የሊምፍ ቧንቧዎች እየጠበቡ ይደፈናሉ፣ እግር ያብጣል። በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሰቃይ ይገመታል።

ስለ በሽታው በተጻፈ ቁጥር የምትደገም አንዲት አባባል አለች፦ «በጫማ ብቻ መከላከል የሚቻል በሽታ»። እውነት ነው። ስኮትላንድ፣ አየርላንድና ፈረንሳይ ውስጥም ነበረ፤ ሕዝቡ ጫማ ሲያደርግ ጠፋ። ሆኖም ይህ እውነት የሚጠቅመው እግሩ ገና ጤነኛ ለሆነው ልጅ ነው። እግራቸው ላበጠ አባቱ የሚሰማቸው ወቀሳ ነው። በጭቃ ውስጥ በባዶ እግራቸው ያረሱት ጫማ ጠልተው ይመስል! ከወቀሳው የሚብሰው ደግሞ ይህች አባባል ጉዳዩን መዝጊያ መሆኗ ነው። መፍትሔው ከታወቀ ማን ለምርምር ገንዘብ ያወጣል?

መመርመር የነበረበት ነገር ግን ነበረ፤ ፍንጩም በእጃችን ነበር። በአንድ መንደር፣ በአንድ ማሳ፣ በባዶ እግራቸው አብረው ካደጉ ወንድማማቾች አንዱ ሲታመም ሌላው ለምን ይተርፋል? በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ወላይታ ላይ የ194 ሕመምተኞችንና የ203 ጤነኞችን ጂኖም (የዘር ቅንብር) አወዳድረው በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን መልሱን አወጡ፦ ልዩነቱ ያለው ኤች ኤል ኤ ክላስ ሁለት በተባለው የጂን ክልል ነው። ይህ ክልል በሽታ ተከላካዩ ሥርዓት የትኛውን ባዕድ ነገር አይቶ እንደሚቆጣ ይወስናል። በ2021 ግኝቱ በሌሎች የኢትዮጵያ ብሔረሰቦችም ላይ ተረጋገጠ። ስለዚህ ዝሆኔ አፈር ብቻውን የሚያመጣው ጉዳት አይደለም፤ አፈሩን ያየ የአንዳንድ ሰው ቲ ሴል (ባዕድ ነገርን የሚለይ ነጭ የደም ሕዋስ) የሚያስነሳው ብግነት ሳይሆን አይቀርም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ብግነት በመድኃኒት ሊያዝ የሚችል ነገር ነው።

የገጠሩ ሰው «በዘር ነው» ሲል ጤና ባለሙያው «የለም፣ አፈር ነው» እያለ ስንት ዓመት ተከራከሩ። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘው ነበር። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሕመምተኛ ካለበት ቤት ልጅ ላለማጋባት ሰበብ የሚፈለግበት አገር ነው፤ በዕድርና በቤተ ክርስቲያን እንኳን የሚገለሉ አሉ። «ጂን ተገኘ» የሚል ወሬ በዚህ ላይ ሲጨመር ምን እንደሚሆን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አስቀድመው ፈርተው ነበር፤ ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት ማኅበረሰቡን ማነጋገራቸው ለዚህ ነው። ጂኑ ያለበት ሰው ጫማ ካደረገ አይታመምም። ይህ በየስብሰባው ሊነገር የሚገባው ነው።

ከ2012 በኋላ ምን መከተል እንደነበረበት ለማየት አሜሪካ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ቤሪሊየም የተባለውን ብረት ብናኝ የተነፈሱ የኒውክሌር ፋብሪካ ሠራተኞች አንዳንዶቹ በሳንባ በሽታ ይያዙ ነበር፤ አጠገባቸው የሚሠሩት ግን አይነኩም። በ1993 ምክንያቱ ከዚሁ የኤች ኤል ኤ ክላስ ሁለት ክልል እንደሚነሳ ታወቀ። ሥራው እዚያ አልቆመም። የትኛው ሕዋስ ብረቱን እንደሚያውቀው ተጠና፤ የሠራተኛውን ነጭ የደም ሕዋስ ከቤሪሊየም ጋር አገናኝቶ አስቀድሞ የሚለይ የደም ምርመራም የመደበኛ ክትትል አካል ሆነ። ማዕድን፣ ጂን፣ ቲ ሴል፦ ታሪኩ ከእኛው ጋር በጣም ይቀራረባል። የሚለያዩት በበሽተኛው ማንነት ነው፤ እዚያ የመንግሥት ፋብሪካ ሠራተኛ፣ እዚህ የሶዶ ዙሪያ ገበሬ።

ተቃውሞው ይገባኛል። ሳሙናና ፋሻ እንኳን ያልደረሰው ሕመምተኛ እያለ ስለ ሞለኪውል ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። አገልግሎቱ በየጤና ጣቢያው ይድረስ፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን በሥጋ ደዌ ላይ እንዲህ ብንል ኖሮ የት እንደርስ ነበር? እሱም የድሃ በሽታ ነበር፤ ቁስልን ማጠብም ይረዳል። የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም ግን በ1970 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የሥጋ ደዌን ኢሚዩኖሎጂ፣ ማለትም የሰውነት በሽታ መከላከያ ለበሽታው የሚሰጠውን ምላሽ፣ ለማጥናት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያጸደቃቸው ጥምር መድኃኒቶች በ1980ዎቹ ሲመጡ የሕመምተኛው ሕይወት ተለወጠ።

ከትል በሚመጣው ዝሆኔም ጥሩ ምልክት ታይቷል። ጋና ውስጥ በ2012 የታተመ ሙከራ ዶክሲሳይክሊን የእግር እብጠትን ሲያሻሽል አሳይቷል፤ የሚገርመው መሻሻሉ በሰውነታቸው ሕያው ትል በሌለባቸው ሰዎችም ላይ መታየቱ ነው። መድኃኒቱ ብግነቱን ራሱን ሊነካ ይችላል ማለት ነው፤ ብግነቱ ደግሞ በእኛውም በሽታ አለ። ዶክሲሳይክሊን ርካሽ ነው፣ በየፋርማሲው ይገኛል። ሙከራ ሳይደረግ ለሕመምተኛ ይታዘዝ አልልም። ይሞከር ነው የምለው።

ዋናው ጥያቄ ግን አሁንም አልተመለሰም፦ የሕመምተኛው ቲ ሴል የሚቆጣው ምን አይቶ ነው? በሽታው የሚበዛበት አፈር ስሜክታይት፣ ማይካና ኳርትዝ እንዳለው ታውቋል። ለቀሪው የሕመምተኛ ደም፣ ቀይ አፈር፣ የኢሚዩኖሎጂ ባለሙያና የተወሰኑ ዓመታት በጀት ያስፈልጋል። ሦስቱ አገር ውስጥ አሉ፤ አራተኛውን ጤና ሚኒስቴር በራሱ የምርምር ዕቅድ ውስጥ ሊያስገባው ይገባል፣ ለጋሽ እስኪያስታውሰው ሳይጠብቅ።