አባትየው ያልጻፉት ጥናት

በ2019 እ.ኤ.አ. የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ባወጣው ፖሊሲ መሠረት፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት። «ክፍት» ሲባል ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው በር ነው፤ ገፋ ሲያደርጉት ወለል የሚል። ጥናቱን ወደ ዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔት ማከማቻ እያስገባ በሩን መግፋቱ ለላይብረሪያኑ ተትቷል።

ከስም እንጀምር። ብዙዎቹ የመመዝገቢያ ቅጾች «የቤተሰብ ስም ይቅደም» ይላሉ። የቤተሰብ ስም ከየት ይምጣ? ቅጹን ታዝዞ የሞላ ሰው የአበበ ከበደን ጥናት «ከበደ፣ አ.» ብሎ ያስገባዋል። ዕድሜ ልካቸውን ጤፍ ሲዘሩ የኖሩት አቶ ከበደ የአፈር ኬሚስትሪ ተመራማሪ ሆነው ያድራሉ። (ስለ አፈሩ እንኳ ከልጃቸው የበለጠ ሳያውቁ አይቀሩም።) እህቱ አስቴር በነርሲንግ ስትመረቅ ደግሞ አባትየው ነርስነትን ይደርባሉ። መድኃኒቱ የራስንና የአባትን ስም ሳይገለብጡ ማስገባት፣ ኦርኪድ የተባለውን ባለ16 አሃዝ የተመራማሪ መለያ ቁጥርም ማከል ነው።

ዓመቱም የራሱ ጣጣ አለው። ሽፋኑ ላይ 2011 ይላል። ዓ.ም. መሆኑ ሳይጣራ እንዳለ ከገባ፣ ጥናቱ በሰባት በስምንት ዓመት ያረጃል። ዋቢዎቹ ግን በ2017 እ.ኤ.አ. የታተሙ ናቸው። ተመራማሪው ነቢይ ወጣው!

ከሁሉ የሚብሰው ግን ፎንት ነው። የቆየ የአማርኛ ጥናት ፓወር ግዕዝ በተባለው የድሮ መጻፊያ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። በዓይን ሲያዩት ፊደሉ ያምራል፤ ቀድተው ሌላ ቦታ ሲለጥፉት የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ቆሎ ይሆናል። እነዚያ ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ የደረቡት በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ነውና። መፈለጊያው «ጤፍ» ሲባል ምንም አያገኝም። ጥናቱ ክፍት ነው፤ ግን ደብተራ እንደቋጠረው ክታብ ነው። መድኃኒቱ ወይ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የራሱ ኮድ ወዳለው ዩኒኮድ መቀየር፣ ወይ በኢንች 300 ነጥብ ስካን አድርጎ ቴሰራክት በተባለው ከምስል ላይ ጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራም ማስነበብ፣ ከዚያም ቁጭ ብሎ ማረም ነው። «ፀሐይ» በ«ጸሃይ»ም እንዲገኝ ሁለቱንም በቁልፍ ቃልነት መመዝገብ አይረሳ።

ፈቃድ የተባለው ነገርም አለ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱ የደራሲው ስለሆነ፣ ኢንተርኔት ላይ መጫኑ ብቻ ሌላ ሰው እንዲያባዛውና እንዲተረጉመው አያስችልም። ተማሪው በአንድ ገጽ ቅጽ ላይ ሌላው ሰው በሥራው ምን ማድረግ እንደሚችል የሚገልጽ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ መርጦ መፈረም አለበት። «ይሰረቅብኛል» ብሎ የሚፈራው ብዙ ነው። ሲዲ ውስጥ ተቆልፎ የተቀመጠ ጥናት ሲሰረቅ ማን እንደሚያይለት ግን አያስረዳም።

ይህን ፊርማ ማግኛው ቀን አንድ ብቻ ነው፦ ክሊራንስ። ተማሪው ላይብረሪ መኖሩ ትዝ የሚለው የዚያን ዕለት ነው። ልምድ ያለው ላይብረሪያን ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ያቆይና ፍላሹን ይሰካል። «ፋይናል_ፋይናል_የመጨረሻው» የሚል ፋይል ይመጣል። ሲከፈት ፓስዎርድ ይጠይቃል።

«ጋሼ፣ እሱን እንኳ ረስቼዋለሁ፤ ዝም ብለው ይፈርሙልኝ።»