የብሎኬት መጭመቂያው ስንት ቤት ይሠራል?

የክርክሩ መነሻ የደቡብ ኢትዮጵያው ጎፋ ዞን ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ መሬቱ ተንዶ ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ቀድመው የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ነበሩ። እርዳታው ያኔ ጎረፈ። አንድ መሐንዲስ፣ አንዲት የኅብረት ሥራ ባለሙያና አንድ የሒሳብ ሰው የተከራከሩት መዋጮው ከደረቀ በኋላ ያሉትን ዓመታት ወጪ የእርዳታ ድርጅት በምን ገቢ ይሸፍነው በሚለው ነው።

መሐንዲሱ የአፈር ብሎኬት ማምረቻ ይቋቋም ባይ ነው። «በእጅ የሚሠራ መጭመቂያ፣ ስድስት ሰባት ሰው፣ በቀን 400 ብሎኬት። አንድ ባለ50 ኪሎ ሲሚንቶ 110 ያህል ያወጣል። ሁለት ክፍል ቤት 2,000 ብሎኬት ይበላል፣ ሲሚንቶው 18 ከረጢት ብቻ! የቀረውን ሸጠን በትርፉ ሌላ ቤት እንሠራለን።»

የኅብረት ሥራ ባለሙያዋ አላስጨረሰችውም። «አፈሩን ፈትሸሃል? ሸክላነቱ ከበዛ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አሸዋ ልጨምር ካልክ የመኪና ኪራይ አለ። ሲሚንቶ የገባበት ድብልቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልተጨመቀ ይበላሻል። ብሎኬቱን ላስቲክ አልብሰህ ሰባት ቀን ውሃ ካላጠጣኸው ጠርዙ በጣት ይፈረፈራል። እሱ ሁሉ ቢሳካ እንኳ ግንባታ ሁለት ሦስት ዓመት ሞቆ ይቀዘቅዛል። ወፍጮ ትከሉ፤ እህል በየሳምንቱ ይፈጫል።»

የሒሳብ ሰውዬው በዕድሜ ይበልጧቸዋል። «ማሽኑ በልገሳ ገንዘብ ስለሚገዛ ሁለታችሁም የእርጅና ተቀናሽ፣ ማለትም ማሽኑ ሲያረጅ ለመተኪያው በየዓመቱ የሚቀመጠውን ገንዘብ፣ ረሳችሁ። በብሎኬት 2 ብር ይትረፍ እንበል። በዓመት 200 ቀን ቢሠራ 80,000 ብሎኬት፣ 160,000 ብር። ከዚያ ላይ መተኪያውን ቀንሱና ስንት ጣሪያ ታለብሳላችሁ?»

«ታዲያ ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ቤቱን ልገሳና መንግሥት ይሥሩት። ትርፉ ግን ለጋሽ የማይወደውን ወጪ ይሸፍን፦ ከክረምት በፊት የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ማስጠረጊያ፣ የውሃ ፓምፕ ማስጠገኛ፣ የችግኝ ጠባቂ ደሞዝ።»

እኔ በሒሳቡ ከጋሼ ጋር ነኝ። 160,000 ብር ለቀበሌ ግንባታ ኢምንት ነው፤ ለቦይ ጠረጋ ግን ትልቅ ገንዘብ ነው። መሐንዲሱ ደግሞ ዋናውን ነገር ዘለለው፤ አፈሩ ከየት ይቆፈራል? አንድ ቤት 15 ቶን ያህል ይወስዳል። ቅርብ ነው ተብሎ ከተዳፋቱ ግርጌ ከተቆፈረ፣ ላዩን ደግፎ የያዘውን መሬት እየናዱ ቤት መሥራት ይሆናል። መጭመቂያው ሜዳ ላይ ይተከል፣ ግንባታው እስኪያልቅ ብቻ ይሥራ፣ ከዚያ ለሚፈልግ ይሸጥ።

ወፍጮውም ቢሆን አካባቢው ሌላ ባለወፍጮ ካለው አይተከል፤ በልገሳ ማሽን የጎረቤትን እንጀራ መዝጋት ነውና። ከተተከለ ደግሞ የሚገድለው «ለተጎጂ በቅናሽ» የሚሉት ነገር ነው። ቅናሹ ከወፍጮው ገቢ ሲወጣ ቺንጋ መግዣና ድንጋይ ማስወቀሪያ ይጠፋል፣ ማሽኑም ይቆማል። ተጎጂው ኩፖን ይያዝ፣ ወፍጮው ሙሉ ዋጋውን ከእርዳታው ሒሳብ ይቀበል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩ ይፈቅዳል፣ ትርፉን ለአባላት ማከፋፈልን ግን ይከለክላል። ስለዚህ ከትርፉ ስንት እጁ ለመተኪያ፣ ስንቱ ለቦዩ እንደሚሄድ ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት በመተዳደሪያ ደንቡ ይጻፍ፤ የመተኪያው ገንዘብም በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ።