ማንሃተን ገባ ተባልኩ

ከአዲስ አበባ ስነሳ አክስቴ ለሰፈሩ ያወጀችው ሁለት ቃል ነበር። "ማንሃተን ገባ!" ካንሳስ የምትለዋን ዝም ብላ ዘለለቻት። እኔም አላረምኳትም። ጉለሌ መሃል ቆሞ "ማንሃተን እኮ ሁለት ናት" ብሎ የሚያስረዳ ጀግና ካለ ይሞክራት። ፓስፖርቴ ላይ ቪዛው ሳይደርቅ ሰባት አይፎን፣ ሁለት ላፕቶፕ እና የአንዲት ኮረዳ የጥርስ ሽቦ ታዞብኛል።

እኔ የገባሁባት ማንሃተን ካንሳስ የምትባል የአሜሪካ ግዛት ውስጥ ናት። ከታዋቂዋ ከኒውዮርኳ ወደ 2 ሺህ ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ነዋሪዋ 54 ሺህ ገደማ ነው። የሄድኩት ስለ ስንዴ ልማር ነው፤ ለስንዴ የሚሄድ ሰው ደግሞ ኒውዮርክ ምን ይሠራል? የከተማዋ ሰዎች ራሳቸው ነገሩ ያስቃቸዋል። ያቺኛዋ ትልቋ አፕል ስለምትባል የራሳቸውን "ትንሿ አፕል" ይሏታል። ስሙም የመጣው በአጋጣሚ ነው። በፈረንጆች 1855 ሃርትፎርድ የምትባል የእንፋሎት መርከብ ካንሳስ ወንዝ ላይ ተቀርቅራ ቀረች። ተሳፋሪዎቹ ሌላ ቦታ ሄደው ከተማ ሊቆረቁሩ ነበር ሐሳባቸው። ቀድመው የሰፈሩት ሰዎች "እዚሁ ከኛ ጋር ሁኑ" አሏቸው። እንግዶቹም እሺ አሉ፣ ግን ከተማዋ ማንሃተን ትባልልን ብለው። ይህን ለአክስቴ ብነግራት "ውሃ የጣለው እንግዳ ደግሞ ስም ያወጣል?" ብላ በነሱ ፈንታ ተቆጣች።

አክስቴን ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላት። እቴቴ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የነፃነት ሐውልት ሥር የተነሳሁትን ፎቶ ጠየቀችኝ። ምን ላድርግ? እዚህ ከተማ ፓርክ ውስጥ ጆኒ ካው የሚባል ሐውልት አለ። ቁመቱ 9 ሜትር ገደማ ነው። ገበሬ ነው። ከተማዋ 100 ዓመት ሲሞላት ለበዓሉ የፈጠሩት የተረት ሰው ነው፤ ሐውልቱን ያቆሙለት በ1966 ነው። እሱ ሥር ቆሜ ጥርሴን አሳይቼ ላክሁላት። ሁለት ቀን ዝም አለች። ከዚያ ደወለች።

"ሴት አልነበረችም እንዴ?"

"ይሄ ባሏ ነው" አልኳት።

ፎቶውን አሳጥባ ሳሎን ሰቅላዋለች። ቡና ሊጠጣ የመጣ ሁሉ "የነፃነት ሐውልት ባል፣ ገጠር ነው የሚኖረው" እየተባለ ይተዋወቀዋል።

እንግዲህ ቀልዱ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ምክንያቱም ማታ ማታ ቤቴ የሚያንኳኳ ሰው አልነበረም። አዲስ አበባ እያለሁ ሰው የሸሸሁ ሰው ነኝ። የጎረቤት ቡና ሲጠራ ተኝቻለሁ በሉ እል ነበር። "መቼ ነው የምታገባው" የሚሉኝን እናቶች ለመሸሽ በጓሮ የወጣሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ካንሳስ ስገባ ግን ወር ሳይሞላኝ ሱፐርማርኬት ውስጥ ግንባር እያየሁ ሐበሻ መፈለግ ጀመርኩ። አንድ ቀን ሽንኩርት የምትመርጥ ሴት አየሁ። አመራረጧ የኛ ነው፤ እያገላበጠች፣ እየናቀች። ተጠግቼ "እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ?" አልኳት። ሰውነቷ ሁሉ ደነገጠ። ሕንድ ነበረች። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ፤ ሽንኩርቱንም ሳልገዛ።

በዚያ ሰሞን ነው አብሮኝ የሚማር ልጅ "የከተማችን ተከታታይ ፊልም እኮ አለ" ያለኝ። ኤችቢኦ የሚባል የአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ከጥር 2022 እስከ ታኅሣሥ 2024 የታየ ነው። ስሙ "ሳምባዲ ሳምዌር" ይባላል፤ አንድ ሰው፣ የሆነ ቦታ እንደማለት። ሦስት ሲዝን፣ በጠቅላላው 21 ክፍል። አንዱ ክፍል ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ሽጉጥ የለም። ሀብታም የለም። የሚያሳድድ መኪና የለም። ሳም የምትባል አርባዎቹ ውስጥ ያለች ሴት አለች፤ ሶፋ ላይ ትተኛለች። በቃ።

ሳምን የምትሠራት ብሪጅት ኤቨረት ናት። ተዋናይዋ ራሷ የዚህችው የማንሃተን ካንሳስ ልጅ ናት። በታሪኩ ሳም የታመመች እህቷን ሆሊን ልታስታምም ወደ ትውልድ ከተማዋ ትመለሳለች። ሆሊ ትሞታለች። ሳም እዚያው ትቀራለች። መሄጃ የላትም፣ መቆያም የላትም። የተማሪ የፈተና ድርሰት የማረም ሥራ ይዛ ትገፋለች። አንድ ቀን ሥራ ቦታ ላይ ሆድ ይብሳትና እንባዋ ይመጣል። ጆል የሚባል ባልደረባዋ ቀረብ ብሎ ያጽናናታል። ያውቃታል! ሃይስኩል አብረው ነበሩ፣ መዝሙር ቡድን ውስጥ ስትዘፍን ያደንቃት ነበር። እሷ ግን አታስታውሰውም። ጨርሶ። እኔ እዚህ ጋ ስልኬን አስቀመጥኩ። ለምን እንዳስቀመጥኩ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ጆል ማታ ወደ "መዝሙር ልምምድ" ይጋብዛታል። ቦታው የገበያ ማዕከል ውስጥ ያለች ቤተ ክርስቲያን ናት። ቁልፉ እሱ ጋ ነው። መዝሙር ግን የለም። ሌላ ቦታ ቦታ ያላገኙ ሰዎች ተሰብስበው ይዘፍናሉ፣ ግጥም ያነባሉ፣ ይጠጣሉ። ሳም የመጀመሪያው ቀን ተገፍታ ትወጣና ትዘፍናለች። ድምፁ ከየት እንደወጣ ሳይገባኝ እኔም ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

በነጋታው ሳይክሌን ይዤ የሳምን ቤት ፍለጋ ወጣሁ። ሙሉ ቅዳሜ ፈለግሁ። ከኮረብታው ላይ በትልልቁ "ማንሃተን" ተብሎ የተጻፈው ነጭ ፊደል አለ፣ ወንዙ አለ፣ ቤቱ የለም። በኋላ ስሰማ ለካስ የቀረጹት ኢሊኖይ ውስጥ፣ ቺካጎ አካባቢ ነው። እኔ ያለሁባት ማንሃተን ኒውዮርክ አይደለችም፣ ፊልሙ ላይ ያለችው ማንሃተን ደግሞ እኔ ያለሁባት አይደለችም። እቴቴ ብቻዋን እንዳልዋሸች ገባኝ።

እሁድ እሁድ ለእቴቴ በስልክ ክፍል በክፍል መተረክ ጀመርኩ። ፊልሙን አላየችም፤ ግን ከኔ በላይ ታውቀዋለች። ትሪሻ የምትባለው የሳም ሌላዋ እህት ከቅርብ ጓደኛዋ ከቻሪቲ ጋር ሱቅ ከፍታ፣ ባሏና ቻሪቲ መቅበጣቸውን የደረሰችበትን ቀን ስነግራት፣ "ሽርክና ሲሉኝ ጀምሬ አውቄያለሁ" አለች። ሰፈር ውስጥ ተመሳሳይ ነገር የገጠማቸውን ሦስት ሴቶች በስም፣ በቀን እና በብር መጠን ዘረዘረችልኝ።

የፈራሁት ጆልን ነበር። ጆል ወንድ የሚወድ ወንድ ነው። ሃይማኖቱን ደግሞ የሚወድ ሰው ነው። ለእቴቴ እንዴት እንደምነግራት ሳምንት ሙሉ አስቤበታለሁ። ጠየቀችኝ፦ "ይሄ ደግ ልጅ አላገባም?" ነገርኳት። ረጅም ዝምታ ሆነ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

"ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል ነው ያልከኝ?"

"ይሄዳል።"

"አንተስ ከሄድክ ጀምሮ ስንት ጊዜ ሄድክ?"

ወሬ ቀየርኩ። ስለ ፍሬድ ሮኮኮ ነገርኳት። ፍሬድ ሲወለድ ሴት ልጅ ተብሎ ነበር፣ አሁን ወንድ ሆኖ ነው የሚኖረው፤ ሙያው የአፈር ሳይንስ ነው። (የሚሠራው ሰው መሪ ሂል ይባላል። መሪ ሂል ደግሞ የዋናዋ ማንሃተን የአንድ ሰፈር ስም ነው። ማንሃተን እኔን እንደማትለቀኝ እዩልኝ።) እቴቴ የሰማችው ሙያውን ብቻ ይመስለኛል። "አፈር የሚያውቅ ሰው ክፋት አይወጣውም" ብላ ዘጋችው። የአፈር ኮርስ የሚሰጠን መምህር ስንቱን እንደጣለ አልነገርኳትም።

ያለቀሰችው በሆሊ ነው። ሳም ስድስት ወር ሙሉ የእህቷ ክፍል መግባት አቅቷት ሶፋ ላይ ትተኛለች ስላት "ለቅሶ የደረሰ የለም?" አለች። "ድንኳን አልተጣለም? ንፍሮ አልተቀቀለም? ማን አደረ አብሯት?" ማንም አልኩ። "ታዲያ ሳታለቅስ እንዴት ይወጣላታል?" በሷ ስሌት ሳም ጥሩ እድር ብትገባ ኖሮ ፊልሙ በሣልስቱ ያልቅ ነበር።

ሁለተኛው ሲዝን ላይ ግን ጉድ ፈላ። የሳም አባት ኤድ አለ፣ ገበሬ ነው፣ እቴቴ በጣም ወዳዋለች። እሱን የሚሠራው ማይክ ሃገርቲ በግንቦት 2022 አረፈ። ፊልሙ ላይ ግን አልገደሉትም፤ ወንድሙን ሊረዳ ቴክሳስ ሄዷል አሉ። እኔም እንዳለ አስተላለፍኩ።

"ኤድ የታለ?"

"ቴክሳስ ሄዷል።"

"ምን ሊሠራ?"

"ወንድሙ ጋ።"

"ስልክ ይደውላል?"

እዚህ ጋ ተንተባተብኩ። እቴቴ ደግሞ በሰፈሩ ተፈልጋ የምትጠራ መርዶ ነጋሪ ናት። "ትንሽ አሞት ነው"፣ "ጠበል ሄዷል"፣ "መንገድ ላይ ነው" ስትል ኖራለች። የሷን ዕቃ መልሼ ለሷ ነው የሸጥኩት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ልጄ" አለችኝ፣ "ሰውየው ሞቷል አይደል?" ሞቷል አልኩ። "ይሄ ሲነጋ ነበር የሚነገረኝ" አለች። አዲስ አበባ ማታ ሦስት ሰዓት ነበር። ለአንድ የአሜሪካ ተዋናይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች በቪዲዮው አየሁ።

ያኔ ነው ስልኬን ያስቀመጥኩበት ነገር አፌ ላይ የመጣው። አባቴ ሲሞት እድራችን አላሳፈረንም። ድንኳኑ ተጣለ፣ ወንበሩ ተደረደረ፣ ስም ተጠራ፣ የቀረ ተቀጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሞልቶ ነበር። ካርታ የሚጫወቱት ጥግ ይዘዋል፣ ስለ መሬት ዋጋ የሚከራከሩት ሌላ ጥግ ይዘዋል፣ እኔ መሃል ላይ ለመጣ ሁሉ ስነሳ ስቀመጥ ወገቤ ተቆረጠ። በሣልስቱ ድንኳኑ ተነሳ። ሰው ሁሉ ግዴታውን ተወጥቶ ሄደ። አራተኛው ቀን ቤቱ ጭር አለ፣ ጆሮዬ ይጮሃል። ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ።

ጋሼ ራዲዮ ነበር። መንገድ ዳር ራዲዮ የሚጠግን፣ ብቻውን የሚያወራ፣ ወርኃዊ መዋጮ ስላልከፈለ ከእድሩ የተሰረዘ ሰው። ድንኳኑ ውስጥ መቀመጥ አይፈቀድለትም ነበር መሰለኝ፤ ወይ ደግሞ ራሱ አፍሮ ይሆናል። ነፍስ ይማር አለ። ከዚያ የአባቴን ራዲዮ አየና ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ሁለት ሰዓት ያህል አንድም ቃል አልተነፈሰም። ብሎኖቹን በቡና ስኒ ማስቀመጫ ላይ በመጠን በመጠናቸው ይደረድራል። ገጥሞ ሲጨርስ ዜና ሰማን። ሄደ። በነጋታውም መጣ፤ የሚጠገን ነገር ስላጣ የበሩን እጀታ አጠበቀ። ለሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ አለፈ። ልጅ ሆነን ድንጋይ እንወረውርበት እንደነበር ግን አንድ ቀን አላነሳም።

ስሙን አላውቀውም። ጆልን ያላስታወሰችውን ሳምን ሳይ የቆረጠኝ እሱ ነው።

"እቴቴ፣ ጋሼ ራዲዮ ስሙ ማን ነው?" አልኳት።

"ራዲዮ ነዋ።"

"እናቱ ያወጣችለት?"

ዝም አለች። አጣርቼ እነግርሃለሁ አለች፤ እቴቴ የማታውቀው ነገር ሲገኝ አንደኛ ደረጃ ምርመራ ይከፈታል። መጀመሪያ የእድሩ ፀሐፊ ጋ ሄደች። የቆየው መዝገብ ወጣ። ተራ ቁጥር አለ፣ የውዝፍ ዕዳ አለ፣ ስም በሚለው ላይ "ራዲዮ" ተብሎ ተጽፎ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል።

በሚቀጥለው እሁድ "ራሱን ልጠይቀው ሄጄ ነበር" አለችኝ።

"እሺ፣ ማን አለሽ?"

"ስደርስ ቡና አፍልቶ አገኘሁት። ወንድ ቡና ሲያፈላ ዓይቼ አላውቅም፣ ገርሞኝ ቁጭ አልኩ። ሦስተኛውን ጠጥተን ሳልጠይቀው መሸ።"

ሌላ እሁድ መጣ። ጄፍ ሂለርን፣ ጆልን የሚሠራውን ማለቴ ነው፣ በመስከረም 2025 ኤሚ የሚባለውን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሽልማት እንደሰጡት ልነግራት ደወልኩ። ስልኳ አልነሳም አለ። ማታ ላይ መልሳ ደወለች፣ ከኋላዋ ራዲዮ ይጮሃል።

"ስሙን ጠየቅሽው?"

"ኧረ ረሳሁት! የነፃነት ሐውልት ባልን ፎቶ ላሳየው ይዤ ሄጄ፣ እሱ ማነው እያለ ሲጠይቀኝ፣ ስለ ሳም ሳጫውተው… ትሪሻ ጋ ስንደርስ መብራት ጠፋ። ነገ እቀጥልለታለሁ። ለመሆኑ ሦስተኛው ሲዝን ላይ ምን ይሆናሉ? ቶሎ በል፣ ነገ ስሄድ ባዶ አፌን አልገባም።"